በፓሎች የነዳጅ ካምፕ ያሳለፍኳቸው 19 ወራት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ውጭ አገር ሠርተሽ መጥተሻልና ስለ ኑሮው ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የለመድኩት የወሩን ሒሳብ አንብቤ መቀመጥ ነው። ኋላ ግን ከመካከላችን ሴት ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ እናቶች እንዳሉ ሰማሁና ያየሁትን ልናገር ብዬ መጣሁ። ጥሩውን ብቻ አልናገርም። የማፍርበትም አለና እሱንም ትሰሙታላችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረችኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛ ጠፋ፤ የሱቁ ኪራይ ግን አልቆመም። ሱቁን ስዘጋ የቀረብኝ ዕዳ 240,000 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 40,000ው የዚሁ የማኅበራችን ብድር ነው። እናንተ አላስጨነቃችሁኝም፤ ግን በየስብሰባው የራሴን ስም ከባለዕዳዎች ተርታ የማነበው እኔው ስለነበርኩ ማንም ሳያስጨንቀኝ እጨነቅ ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለካምፖች ምግብና ጽዳት የሚያቀርብ አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። ዲግሪ ነበር የሚጠይቀው፤ እኔ ያለኝ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። ነገር ግን ቦታው ደቡብ ሱዳን፣ ያውም ከጁባ የራቀ የነዳጅ መስክ መሆኑን ሲሰሙ ባለዲግሪዎቹ ቀሩ። ደመወዙ በወር 1,100 ዶላር ነው። ማረፊያና ምግብ በድርጅቱ።

ለእናቴ «ነዳጅ ወደሚወጣበት ነው የምሄደው» አልኳት። እሷ ለጎረቤት «ዘይት ፋብሪካ ገባች» ብላ ተናገረች። የምግብ ዘይት በተወደደበት ጊዜ ስለነበር ለመጀመሪያው ዕረፍቴ ስመጣ ሦስት ጎረቤቶች ባዶ ጄሪካን ይዘው ጠበቁኝ። ስቀልድ አይደለም።

ቦታው ፓሎች ይባላል። በላይኛው ናይል ግዛት፣ መሉት በምትባለው የወንዝ ዳር ከተማ አቅራቢያ ነው። ከአዲስ አበባ ጁባ፣ ከጁባ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በላይ ይበረራል። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው። ተራራ የለም፣ ጉብታ የለም፣ ድንጋይ እንኳን የለም። አፈሩ የእኛ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ መኪናም ሰውም ይይዛል። የደኅንነት ጫማ ካላደረጉ ከክፍል መውጣት ክልክል ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃው ሲደራረብ ደግሞ እግሬን እንደ ከባድ ዕቃ እያነሳሁ ነበር የምሄደው። ማታ ማታ በሩቁ የጋዝ ነበልባል ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን ቤት የተቃጠለ መስሎኝ እደነግጥ ነበር።

ስለ ድፍድፍ ነዳጁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን። የፓሎች ነዳጅ ሰም የበዛበት ነው። ከመሬት ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ቅቤ ይረጋል። ደቡብ ሱዳን ባሕር ስለሌላት ነዳጁ የሚሸጠው በሱዳን በኩል ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በቱቦ ተጉዞ ፖርት ሱዳን ወደብ ሲደርስ ነው። መንገዱን ሁሉ እያሞቁና እየገፉ ነው የሚያደርሱት። አንድ ቦታ ማሞቂያው ከቆመ ነዳጁ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

የእኛ ድርጅት ከነዳጁ ጋር ግንኙነት የለውም። የእኛ ሥራ ሰዎቹን ማብላት፣ ማሳደርና ልብሳቸውን ማጠብ ነው። ወደ 400 ሰው እናበላ ነበር፦ ቻይናውያን፣ ማሌዥያውያን፣ ሕንዶች፣ ሱዳኖች፣ የአገሩ ሰዎች። ክፍያው በ«ማን ዴይ» ይታሰባል፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ካምፑ ውስጥ በልቶ ካደረ አንድ ይቆጠራል። ስለዚህ የእኔ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የቁርስ ፊርማ ወረቀት በመሰብሰብ ነው። ከዚያ የስቶር ቢን ካርድ፣ ከዚያ ፔቲ ካሽ፣ ከሰዓት በኋላ የቀን ሠራተኞች አቴንዳንስ፣ ማታ እንደገና የእራት ፊርማ። ስምንት ሳምንት እንዲህ ተሠርቶ ሦስት ሳምንት ዕረፍት ነው። እሑድ የሚባል የለም። ቀኑን የማውቀው ከወረቀቱ ራስጌ ነው።

መኝታዬ ኮንቴይነር ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ኤር ኮንዲሽነር። የጄኔሬተሩ ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም፤ ከቆመ ነው ሰው የሚነቃው። ሴቶች ጥቂት ስለነበርን መታጠቢያ ቤታችን ለብቻው ራቅ ብሎ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ማታ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። ይሄን ለሚሄዱ ልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «መታጠቢያው የት ነው? በሩ ይቆለፋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኢትዮጵያውያን አራት ነበርን፦ እኔ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ አንድ ምግብ አብሳይና አንድ የጄኔሬተር መካኒክ። በጾም ወቅት የሕንዶቹ ምስር አዳነን። የአገሩ ሴቶች ደግሞ ክስራ ያመጡልን ነበር። ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር፣ እንደ ወረቀት የሳሳ እንጀራ በሉት። ዓይኑ የለውም፤ ኮምጠጥ ሲል ግን አገር ያስታውሳል። አንድ ቅዳሜ ማታ ናፍቆት አላስችለኝ ብሎ ክፍሌ ውስጥ ቡና ቆላሁ። ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ እንዳለ ረስቼ ነበር። ካምፑ በሙሉ ጮኸ፤ 400 ሰው በሌሊት ልብሱ ሜዳ ላይ ወጥቶ ተሰለፈ፤ ስም ተጠራ። እኔ ምጣዴን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቡና የምንቆላው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ ሆነ።

ልጄን አምስት ዓመቷ ሳለ ነው ለእናቴ ትቻት የሄድኩት። ዋይፋዩ ማታ ሰው ስለሚበዛበት ድምፅዋ ይቆራረጣል። በመጀመሪያው ዕረፍቴ ስመለስ በስሜ ጠራችኝ፤ አያቷ ስትጠራኝ ሰምታ ነው። «እማ» የምትለው አያቷን ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ።

በልብስ ማጠቢያውና በጽዳቱ 14 የአገሩ ሴቶች በቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። አብዛኞቹ ዲንካዎች ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። በመካከላቸው በዕድሜ ትልቋን «ማማ» ነው ሁላችንም የምንላት። የእነሱን አቴንዳንስ የሚይዘው ካቦው ነበር። እሱ የያዘውን እኔ ፔይሮል ላይ እገለብጣለሁ፣ ብሩን ከካዝና አውጥቼ ለእሱ እሰጣለሁ፣ እሱ ይከፍላቸውና የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበትን ወረቀት ይመልስልኛል። ስመጣ አሠራሩ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ እኔም ቀጠልኩበት።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ማማ ቢሮዬ መጣች። የኒዶ ጣሳ ይዛለች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፤ የሃይላንድ ውኃ ክዳኖች ናቸው። አረብኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ ዳቦ ጋጋሪዋን ጠርቼ አስተረጎምኩ። ለካስ ማማ ሥራ በዋለችበት ቀን ሁሉ አንድ ክዳን ከመሬት አንስታ ጣሳው ውስጥ ትጥላለች። በዚያ አገር ጠጠር የለማ! ቆጠርነው፤ 26። ፔይሮሌን አወጣሁ፤ 26 ቀን ይላል፣ ከጎኑ የማማ አሻራ አለ። ከዚያ የተቀበለችውን ብር አሳየችኝ። የ20 ቀን ነው።

እህቶቼ፣ ሒሳቤ አልተሳሳተም ነበር። ካዝናው ከመዝገቡ፣ መዝገቡ ከአቴንዳንሱ ጋር ልክ ነው። ኦዲተር ቢመጣ አንድ ሳንቲም ጎደለ አይልም። የጎደለው ወረቀቱ የማያየው ቦታ፣ በካቦው እጅና በሴቶቹ እጅ መካከል ነው።

ማማ 20ውን ክዳን ለይታ ጣለችው፤ 6ቱን መልሳ ጣሳው ውስጥ አስገባች። እኛ ተሰብሳቢ ሒሳብ የምንለውን ማለት ነው። እኔ ምን አደረግኩ? «አጣራለሁ» አልኳት።

አላጣራሁም። ካቦው የካምፑ ኃላፊ የቅርብ ሰው ነው። የእኔ ኮንትራት ደግሞ የሚታደሰው መጋቢት ላይ ነበር። ያንን ወር ሙሉ ዕዳዬን እየቆጠርኩ፣ ልጄን እያሰብኩ፣ «የሰው አገር ነው፣ ምን አገባኝ» እያልኩ ከረምኩ። በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ብሩን እንደ ልማዴ ለካቦው ሰጠሁ። እጄ ላይ እያለ አውቄ ነው የሰጠሁት። ማማ በማግስቱ ጣሳዋን ይዛ መጣች። «ሥራ በዝቶብኛል» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ጣሳዋን አንስታ ወጣች። የዚያን ሳምንት ኮንትራቴ ታደሰ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። አራታችን ለፋሲካ ዶሮ አግኝተን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሽንኩርት ስናቁላላ ሱዳናውያኑ የሥራ ባልደረቦቻችን ስልካቸውን ይዘው ሲሯሯጡ አየን። ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተጀምሯል። የፋሲካን ዶሮ ማን እንደበላው እንኳን አላስታውስም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። ካርቱም ለዓመታት የኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን በሬንክ በኩል እየገቡ፣ ወደ ጁባ የሚወስድ አውሮፕላን ለመጠበቅ ፓሎች አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ሰፈሩ። በሺዎች ናቸው። አንዳንዱ ፍራሽ ተሸክሟል፣ አንዷ ፍሪጅ ይዛ አይቻለሁ፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ ፍሪጅ! ዝናቡ ጀመረ፤ ያ ዋልካ ምን እንደሚሆን ነግሬያችኋለሁ። የማማ ልጅ ሦስት ሕፃናት ይዛ ከእነዚሁ ጋር መጣች። ትንሹ ወባ ይዞት ነበር።

ማማ ቢሮዬ መጣች። ጣሳውን አላመጣችም። ከሚቀጥለው ደመወዟ የሚቆረጥ ብድር ነው የጠየቀችው። ልመና አይደለም፣ ቅሬታም አይደለም። ቅጹን ስሞላ ቁጥሩን አየሁት። የጠየቀችው የ10 ቀን ደመወዝ ነው። በሁለት ወር የተወሰደባት 12 ቀን ነበር። የራሷን ገንዘብ አበድሬ ልቆርጥባት ነው።

ያን ማታ አልተኛሁም። ጠዋት የድርጅቱን የፋይናንስ መመሪያ አወጣሁ። አቴንዳንስ የሚይዝ ሰው ደመወዝ መክፈል እንደማይችል በግልጽ ተጽፏል። ይሄ እኮ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት የተማርኩት ነው! ደፋር ስላልሆንኩ ካቦውን ሌባ አላልኩትም። «ከዋናው ቢሮ ጥብቅ ትእዛዝ መጥቷል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ የምከፍለው እኔ ነኝ» አልኩ። ትእዛዝ አልመጣም፤ ዋሸሁ። የግንቦት ደመወዝ ቀን ጠረጴዛዬን የልብስ ማጠቢያው በር ላይ አወጣሁ። እያንዳንዷ ስሟ ተጠርቶ፣ የሠራችበት ቀን ጮክ ተብሎ ተነግሮ፣ ብሩን ራሷ ቆጥራ ከዚያ በኋላ አሻራዋን አኖረች። የመጀመሪያዋ ስትቆጥር ሌሎቹ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አንዷ አንድ ነገር አለች፣ ሁሉም ሳቁ። ምን እንዳለች ዳቦ ጋጋሪዋን ብጠይቃት «ይሄ አይተረጎምም» አለችኝ።

ካቦው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ከለከለኝ። የመታጠቢያ ቤታችን ታንከር ለሁለት ሳምንት «ተበላሽቷል» ተባለ። የካምፑ ኃላፊ ጠርቶ «አንቺ የመጣሽው ሳህን ለመቁጠር ነው» አለኝ። የቀድሞውን ገንዘብ ጉዳይ በደብዳቤ ለዋናው ቢሮ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ለማማ የሁለቱን ወር 12 ቀን ከራሴ ከፈልኳት። ቆጥራ ተቀበለች፣ ከጣሳው 12 ክዳን አውጥታ ጣለች። አመሰገነችኝ አልላችሁም፤ የምታመሰግንበትም ነገር አልነበረም። ለ13ቱ ግን አልከፈልኩም። አቅም አልነበረኝም ልል እችላለሁ፤ በዚያው ወር ግን ለወንድሜ ለባጃጅ ልኬያለሁ።

አንድ እሑድ ከመካኒኩ ጋር ዕቃ ለመግዛት መሉት ወረድን። ነጭ ዓባይ እዚያ ሰፊ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ባሮ ሆኖ በጋምቤላ ወርዶ፣ ሶባት ተብሎ ከማላካል በላይ ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መሉት ላይ ከሚያልፈው ውኃ ውስጥ የእኛም አለበት። መካኒኩ የጎሬ ሰው ነበር። እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ዝም ብሎ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጦርነቱ ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ ደረሰ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነዳጁ ሱዳን ውስጥ ረግቶ ቱቦው ተሰበረ፤ ወደ ወደቡ የሚሄደው ቆመ። ነዳጅ ካልሄደ ገንዘብ አይመጣም። የቁርስ ፊርማ ወረቀቴ ላይ ሰው በየሳምንቱ ይቀንስ ጀመር፤ 400 የነበረው 300፣ ከዚያ ከ200 በታች። መጀመሪያ የተቀነሱት የልብስ ማጠቢያው ሴቶች ናቸው። እኔ ግንቦት ላይ ወጣሁ። የመጨረሻው ወር ደመወዜ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም።

ልጅ ለመላክ ለምታስቡ ገንዘቡን በግልጽ ልንገራችሁ። በ19 ወር እጄ የገባው 19,200 ዶላር ነው፤ ኤጀንት በየወሩ 150 ለአራት ወር ወስዶ፣ የመጨረሻውም ወር ቀርቶ። ዕዳዬን 4,400 በሚሆን ከፈልኩ። ለእናቴና ለልጄ ኑሮ 3,000። ለወንድሜ ባጃጅ 3,100፤ በስድስት ወሩ ሸጠው። ባንክ ያስቀመጥኩት 6,000። ቀሪው 2,700 የት እንደገባ አላውቅም። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም። የሰርግ፣ የለቅሶ፣ «ዶላር ነው የምትበላው» ላለው ሁሉ በትንሽ በትንሹ ሄዷል። ካምፕ ውስጥ ለዳቦም ለታክሲም ስለማይከፈል ገንዘብ የማያልቅ ይመስላል፤ ስለዚህ የጠየቀ ሁሉ ያገኛል። የምትሄድ ልጅ ካለች፣ በየወሩ ለቤት የምትልከው ምን ያህል እንደሆነ ከመሄዷ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላ ትነጋገር። ኮንትራቱ ላይ ደግሞ የዕረፍቱን ትኬት ማን እንደሚከፍል፣ ሥራው ቢቋረጥ ማን እንደሚመልሳት ታንብብ። የእኔ ኮንትራት እዚህ አለ፤ ማየት የምትፈልግ ከቡናው በኋላ ትምጣ።

የመጨረሻው ለማኅበራችን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እዚህም መዋጮ የምሰበስበው እኔ፣ ደብተር ላይ የምመዘግበው እኔ፣ በወሩ መጨረሻ አንብቤ «ልክ ነው» የምለው እኔ ነኝ። ከመካከላችን በአሻራ የሚፈርሙ 11 እናቶች አሉ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለምታምኑኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ገንዘቡን የሚቀበል ሌላ ሰው እንዲመረጥ፣ ለ11ዱም እናቶች በየወሩ የከፈሉት በፊታቸው ጮክ ተብሎ እንዲነገርላቸው አጀንዳ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ደብተሮቹን ሁሉ ከ2011 ጀምሮ ያሉትን አምጥቻለሁ። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።